ከገና እስከ ከተራ፦ የሴቶች ሆኪ ማጣሪያ የት ይጀምራል?

በ2016 ዓ.ም. ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነበር። የገና ዱላ ከየቤቱ ጥግ ወጥቶ፣ ሩር ተመትቶ፣ ዱላው ተመልሶ ወደ ጥጉ ከገባ ሳምንት ሳይሞላው፣ ጥር 4 ቀን፣ በሕንዷ ራንቺና በስፔኗ ቫሌንሲያ የፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ሆኪ ማጣሪያ ተጀመረ። የራንቺው ያለቀው ጥር 10 ነው። ልክ በከተራ። እኛ ጎንደር ላይ ታቦት አጅበን ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በወረድንበት ዕለት፣ የሕንድና የጃፓን ሴቶች ከራንቺ ለምትገኘው የመጨረሻ የፓሪስ ቦታ ተፋልመው አንደኛቸው ቀርታለች።

በቀጥታ አላየሁትም። ከተራ ሆኖ ማን ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል? ደግሞም ያን ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። ቀረጻውን ያገኘሁት ከወራት በኋላ ነው። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ በወጣትነታቸው ገና ተጫዋች ለነበሩ አንድ ጎረቤቴ በስልኬ አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥቂት አዩና፣ «ይሄማ ገና ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ልጄ፣ ሜዳውን ለምን አጠቡት?» ብለው ጠየቁኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዱላ ኳሷን በመታ ቁጥር ከሰው ሠራሽ ሣሩ ምንጣፍ ላይ ውኃ እንደ ጭስ ብን ይላል። ኳሷ ፈጥና እንድትንሸራተት፣ የወደቀች ተጫዋችም ቆዳዋ እንዳይላጥ፣ ከጨዋታ በፊትም በእረፍትም ሆን ተብሎ ውኃ እንደሚረጭ ነገርኳቸው።

«ላልበቀለ ሣር?» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ስለዚህ ማጣሪያ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህች ጥያቄ ወደ ጉዳዩ ሥር የገባ አላገኘሁም። ምንጣፉ ላይ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ራንቺ ላይ ምን እንደሆነ እንይ።

ሁለቱ ከተሞች እያንዳንዳቸው ስምንት ቡድን አስተናገዱ፤ ከየከተማው ሦስት ብቻ ያልፋሉ። ራንቺ ላይ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ቺሊ፣ ቼክ፣ ሕንድ፣ ኒው ዚላንድ፣ ጣሊያንና አሜሪካ ነበሩ። ሕንድ በቶኪዮ ኦሊምፒክ አራተኛ የወጣች ቡድን ናት፤ አሁን ደግሞ የምትጫወተው በገዛ ሜዳዋ ነው። በምድቧ በአሜሪካ 1 ለ 0 ተሸንፋ ጀመረች፤ ኒው ዚላንድን 3 ለ 1፣ ጣሊያንን 5 ለ 1 አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከጀርመን ጋር 2 ለ 2 ተለያይተው በመለያ ምት 4 ለ 3 ወደቀች። የሆኪ መለያ ምት እንደ እግር ኳሱ ቆሞ መምታት አይደለም። ተጫዋቿ ከ23 ሜትር መስመር ኳሷን እየነዳች ትነሳለች፣ ግብ ጠባቂዋ ወጥታ ትገጥማታለች፣ ሁሉም ነገር በ8 ሰከንድ ማለቅ አለበት።

ሕንድ አንድ ዕድል ቀራት፤ የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ። በ6ኛው ደቂቃ ጃፓን ፔናልቲ ኮርነር አገኘች። ይህ በሆኪ ልብ የሚያንጠለጥል ቅጣት ነው። ተከላካዮቹ ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ አምስት ብቻ ሆነው ከግብ መስመሩ ኋላ ይቆማሉ፤ የቀሩት ጓደኞቻቸው ከሜዳው አጋማሽ ወዲያ ይባረራሉ። አጥቂዎቹ ኳሷን ከግብ መስመሩ፣ ከግቡ ፊት ወዳለው ክብ አፋፍ ልከው፣ አቁመው፣ ይመታሉ። ካና ኡራታ መታች፤ ገባ። ከዚያ በኋላ 54 ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ ሕንዶቹ እየደጋገሙ ወደ ጃፓን ክብ ቢመጡም አንዲት ጎል ጠፋች። ጀርመን፣ አሜሪካና ጃፓን አለፉ። የቫሌንሲያዎቹ ቤልጂየም፣ ስፔንና ታላቋ ብሪታንያ ሆኑ።

በአንዲት ጎል የአራት ዓመት ልፋት ተቀበረ ተብሎ ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ራንቺ ስምንት፣ ቫሌንሲያ ስምንት፣ በድምሩ 16 ቡድን። ከእነዚህ አንድም አፍሪካዊት የለችበትም። ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ የስፖርት ወግ ነው፤ እነሱ ግን መጀመሪያውኑ አልተሰለፉም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ኢትዮጵያውያን ማጣሪያ ስንባል የሚታየን ሚኒማ ነው። ሯጯ የተቆረጠውን ሰዓት ካሟላች አለፈች፤ ሰዓቱ የበቆጂ ይሁን የበርሊን ልጅ አይጠይቅም። የቡድን ስፖርት እንዲህ አይደለም። ለማለፍ መጫወት አለብህ፣ ለመጫወት መጠራት አለብህ፣ ለመጠራት ደግሞ ደረጃ ሊኖርህ ይገባል። የዓለም ሆኪ ፌዴሬሽን ከ2020 ጀምሮ የሚጠቀምበት የደረጃ ስሌት በእያንዳንዱ ጨዋታ ከተሸናፊው ነጥብ ቀንሶ ለአሸናፊው የሚደምር ነው። በመርሁ ፍትሐዊ ነው። ችግሩ፣ ያልተጫወተ አያገኝም። ትኬት ገዝቶ፣ ሆቴል ከፍሎ፣ ከብርቱ ጋር በዓመት ብዙ ጊዜ የሚገጥም ቡድን ቢሸነፍም ይማራል፣ አንድ ቀን ቢያሸንፍ ደግሞ ብዙ ነጥብ ያፍሳል። ጎረቤቱን በሁለት ዓመት አንዴ የሚገጥም ግን ባለበት ይረግጣል።

ለአፍሪካ የተተወላት ሌላ በር ነው፤ የአህጉሩ ሻምፒዮን በቀጥታ ታልፋለች። ለፓሪስ ያ ውድድር በ2023 መጨረሻ ፕሪቶሪያ ላይ ተካሄደ፣ ደቡብ አፍሪካ አለፈች። በሩ አንድ ነው፤ በእሱም ከዓመት ዓመት የምትገባው ያቺው ደቡብ አፍሪካ ናት። በኦሊምፒክ የሴቶች ሆኪ አፍሪካን የወከሉ አገሮች እስከ ፓሪስ ድረስ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሷና ዚምባብዌ። የሁለቱም ታሪክ ማጣሪያ የሚባለው ነገር ምን ያህል በጠረጴዛ ላይ እንደሚያልቅ ያሳያል።

የዚምባብዌው ይገርማል። የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው በ1980 በሞስኮ ነው፣ ስድስት ቡድን ተመርጦ። አሜሪካ የመራችው ዕቀባ መጣና ከአስተናጋጇ ሶቪየት ኅብረት በቀር ሊጫወቱ የነበሩት ሁሉ ቀሩ። ሩሲያውያኑ ቦታውን ለመሙላት ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ በሚያዝያ ነጻ ለወጣችው ዚምባብዌ ጥሪ ደረሳት። አንድ ወር ገደማ ነበር የቀረው። ሴቶቹ ሥራና ትዳር ያላቸው አማተሮች ናቸው፣ ሁሉም ነጮች፣ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተጫውተው የማያውቁ። ሄዱና ፖላንድን 4 ለ 0፣ ሶቪየት ኅብረትን 2 ለ 0 ረቱ፤ ከቼኮዝሎቫኪያና ከሕንድ እኩል ወጡ፤ በመጨረሻም ኦስትሪያን 4 ለ 1 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር በዚያችው ሞስኮ በ10 ሺሕ ሜትር ወርቁን አጥልቆ 5 ሺሑን የሚጠብቅበት ሰሞን ነበር። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ በሬ ቃል ተገብቶላቸው ኖሮ፣ አገራቸው ሲመለሱ የደረሳቸው የታሸገ ሥጋ ነበር ይባላል። ለማንኛውም፣ እስከዛሬ በሴቶች ሆኪ የአፍሪካ ብቸኛ የኦሊምፒክ ወርቅ ያለ ማጣሪያ የተገኘ ነው።

የደቡብ አፍሪካው ተቃራኒ ነው። በ2015 ራንድበርግ ላይ የአፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው የሪዮ ቦታቸውን ያዙ። ሜዳው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። የአገራቸው የኦሊምፒክ ኮሚቴ ግን በአፍሪካ በር ማለፍ አይበቃም፣ በዓለም አቀፉ መንገድ ካላለፋችሁ አንልክም ብሎ አስቀራቸው። የሴቶቹ ቦታ ለስፔን ተሰጠ።

ኮሚቴው የተናገረው ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነበር ለማለት ይከብደኛል። የአፍሪካው ማጣሪያ ከዓለም አቀፉ ይቀላል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ግን የቀለለው ለምንድን ነው? ደቡብ አፍሪካ የሚገጥማት በማጣቷ ነው፤ የሚገጥማት ያጣችው ደግሞ ሌሎቹ ሜዳ፣ ጉዞና ውድድር በማጣታቸው ነው። በሩ ጠባብ ነው ተብሎ ሲዘጋ ከኋላ ያሉት ጋናና ኬንያም ሊደርሱበት የሚተጉለት ነገር ያጣሉ። በዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ አንዱ የአፍሪካ በር መቆየት ብቻ ሳይሆን፣ በአህጉሩ ሁለተኛ የወጣችው ቡድን ወደ እነራንቺ ማጣሪያ የምትገባበት የተቆረጠ ቦታ ያስፈልጋታል። አራት ጊዜ ተሸንፋ ብትመለስም እንኳ ግድ የለም። አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ቺሊ እንዲህ ያለውን መድረክ ደጋግመው ቀምሰውታል፤ ለፓሪስ የአፍሪካ ሁለተኛ አልቀመሰችውም።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ።

ሆኪ በኦሊምፒክ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ መካሄድ የጀመረው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተፈጥሮ ሣር ነበር፤ በዚያ ላይ የሕንድ ወንዶች ከ1928 እስከ 1956 ስድስት ኦሊምፒክ በተከታታይ አሸንፈዋል። ምንጣፉ ሲመጣ ጨዋታው ፈጠነ፣ የእጅ ጥበብ ለሩጫና ለጉልበት ቦታ ለቀቀ፣ ምንጣፍ የማንጠፍ አቅም ያለውም ቀደመ። በሴቶቹ በኩል ኔዘርላንድስን ማየት ይበቃል። እዚያ ሆኪ የሰፈር ክለብ ጨዋታ ነው፣ ክለቡ ደግሞ ምንጣፍ አለው። ውጤቱ ዘጠኝ የዓለም ዋንጫ፤ በፓሪስም ቻይናን በመለያ ምት አሸንፈው አምስተኛ የኦሊምፒክ ወርቃቸውን ወሰዱ።

ምንጣፉ ዋጋው ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀው፤ ይጠጣል። ጎንደር ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የአንገረብ ግድባችን በደለል እየተሞላ፣ ውኃ በፈረቃ እየመጣ፣ ሌሊት የቧንቧ ድምፅ ሲሰማ ከእንቅልፉ ተነስቶ ጀሪካን የሚደረድር ሕዝብ ነው ያለው። በዚህ ከተማ አንድ ሰው ተነስቶ በቀን ሁለት ሦስቴ ውኃ የሚረጭ የፕላስቲክ ሣር እናንጥፍ ቢል፣ በደህና ወደ ቤቱ መመለሱን እጠራጠራለሁ። ፌዴሬሽኑም ጣጣውን ያውቀዋል። ውኃ የማይፈልግ ምንጣፍ ግቡ እንደሆነ በ2018 አስታውቆ ነበር። ፓሪስ ላይ የተነጠፈው ሰማያዊ ምንጣፍ በአብዛኛው ከሸንኮራ አገዳ ከሚገኝ ጥሬ ዕቃ የተሠራና ከቀድሞዎቹ ያነሰ ውኃ የሚጠጣ ነበር። ያነሰ እንጂ ምንም አልተባለም። ጨርሶ ውኃ የማይጠይቀው ሲስፋፋ፣ ከአዲስ ምንጣፍ ገበያ ይልቅ ለአዲስ አገሮች መግቢያ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እስካሁን ግን ቀድሞ የሚገዛው ቀድሞም ያለው ነው።

ምንጣፍ የሌለበት ስፍራ ሁሉ ተስፋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ራንቺ ናት። ከተማዋ የጃርክሃንድ ክልል መዲና ናት። ስታዲየሙ የተሰየመው የ1928ቱን የሕንድ ቡድን በአምበልነት በመራው፣ በዚያው አካባቢ ተወላጅ በጃይፓል ሲንግ ስም ነው። በክልሉ ገጠር፣ በተለይ ሲምዴጋና ኩንቲ በሚባሉት አውራጃዎች፣ ሴት ልጆች በቀርከሃ ዱላ በባዶ እግራቸው አቧራ ላይ ይጫወታሉ፤ የመንደሩ ውድድር ሽልማት ፍየል ነው። ኒኪ ፕራድሃንና ሳሊማ ቴቴ የወጡት ከዚያ ነው። ሳሊማ በኋላ የሕንድ አምበል ሆናለች።

ፍየሉን ሳነብ ሳቅሁ። ገና ላይም አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ሲወርድበት ይውላል፣ ድግሱም ይከተላል፤ ደግሞም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው። ነገር ግን ከቀርከሃው ዱላ እስከ ራንቺ ስታዲየም በአንድ ዝላይ የደረሰች የለችም። በመካከል ልጆቹን ከየመንደሩ መልምሎ የሚያሳድር፣ የሚያስተምርና ምንጣፍ ላይ የሚያሠለጥን ማዕከል አለ። ወሬው ሁሌ ስለ ቀርከሃውና ስለ ባዶ እግሩ ነው፤ ምክንያቱም ያምራል። የማዕከሉን በጀት ማንም አያወራለትም።

ገናና ሆኪ ምን ያህል ይቀራረባሉ? ዱላቸው ጫፉ ቆልማማ ነው፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ትሄዳለች። ልዩነቱ ሆኪ ሁሉንም ለክቶ ማሰሩ ነው። ሜዳው 91.4 በ55 ሜትር፣ ተጫዋች 11፣ ጊዜው አራት ጊዜ 15 ደቂቃ። ኳሷ ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች። ጎል የሚቆጠረው ከግቡ ፊት ካለው ክብ ውስጥ ከተመታ ብቻ ነው። ዱላው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሲሆን ኳስ የሚነካው በዚያ ብቻ ነው፤ በጀርባው ከነካህ ዳኛው ይነፋል። ለግራኝ የሚሆን ዱላም የለም። ገና ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ይገባል፣ ሜዳው ኳሷ እስከሄደችበት ነው፣ ዱላም የሚቆረጠው እንደ ዛፉ ቅርንጫፍ ጥምዘዛ ነው። ገና በአገራችን ደንብ ከተጻፈላቸው የባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ይወዳደሩበታል፤ ስለዚህ ሥርዓት ማስያዙ አዲስ ነገር አይሆንም። እንደ ጎደለ የሚታየኝ የሴት ልጅ ቦታ ነው። ገና ሲነሳ ሴቷ አድማቂ ናት፤ ዱላው የወንድ ነው።

ባለፈው ገና ከአዘዞ ወጣ ብሎ ጤፉ ታጭዶ በተነሳበት ማሳ ላይ ቆሜ ሳይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ወንድሟ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል ዱላውን አነሳች። ቁመቷን የሚያህል ወይራ ነው፣ ጫፉ በእሳት ተለብልቦ የጠቆረ። ሩሯ ወደ እሷ ስትንከባለል ጠበቀቻትና ጓ አደረገቻት፤ ገለባውን ሰንጥቃ ሄደች። ከዳር የቆሙ አንድ ሰው፣ «አንቺ ልጅ! ለወንድምሽ ስጪ እንጂ፣ ይሄ የሴት ጨዋታ ነው?» አሏት። «አያ፣ አንዴ ብቻ» አለች፤ እግሯን ግን አልነቀለችም።

ለእንዲህ ያለችው ልጅ 91 ሜትር ምንጣፍ ማለም ቅዠት ነው። በአምስት በአምስት ሰው የሚደረገው አጭሩ ሆኪ ግን ቅዠት አይደለም። ሜዳው የሙሉውን ግማሽ አይሞላም፣ ኳሷ እንዳትወጣ ዙሪያው በሰሌዳ ይታጠራል፣ እንደ ገናው ፋታ የለውም። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫው የተካሄደው ከራንቺ በኋላ ቀናት ሳይቆጠሩ፣ በዚያው ጥር በኦማኗ ሙስካት ነበር። ሴቶቹ ሲፎካከሩ ኔዘርላንድስ ሕንድን በፍጻሜ 7 ለ 2 አሸነፈች፤ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያም ተሳትፈዋል። ለትልቁ ማጣሪያ 11 ብርቱ ተጫዋች፣ ተቀያሪና ሙሉ ምንጣፍ የሌለው አገር በዚህ በኩል ይጀምራል። ለስፖርት መምህራኖቻችን ባለ ኮንክሪት የቅርጫት ኳስ ሜዳና አሥር ዱላ ለመለማመጃ ይበቃል፤ ዱላውን ደግሞ ማን እንደሚቆርጥ አዘዞ ላይ ያውቃሉ።

ቀጣዩ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ቀጠሮው በነሐሴ 2026 ነው፤ በቤልጂየሟ ዋቭርና በኔዘርላንድሷ አምስተልቬን፣ 16 ቡድን። በዚህም ለአፍሪካ በቀጥታ የተያዘው ቦታ አንድ ነው፣ ለሻምፒዮኗ።

ልጅቷ ሁለተኛ ጊዜ የመታችው በዱላው ጀርባ ነበር። ሆኪ ቢሆን ይነፋባት ነበር። ሩሯ ከማሳው አልፋ ቦይ ውስጥ ገባች፤ ወንዶቹ ሲሯሯጡ እሷ ዱላውን ለወንድሟ ሳትመልስ ከኋላቸው ሮጠች።